የእንግሊዞች ስም ምን ይላል?

በዛሬው ገጻችን ስለ ስም እንጫወታለን። ለዚህ ምክንያት የሆነን በቅርቡ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን የጻፉልን በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ያሉ ወጣት ናቸው። ባለቤታቸው የመውለጃዋ ቀን ተቃርቧል። ባልና ሚስቱም ለሚወለደው ልጅ የእንግሊዝ ስም ለማውጣት አስበው፣ ወንድ ከሆነ «ፊሊፕ» ይባል ተባብለው ተስማሙ። ነገሩን ለወላጅ እናታቸው ቢያዋዩ፣ እናትዬው «ስሙስ ይሁን፤ ግን ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ወዳጃችንም የእንግሊዝ ስሞችን ከነትርጉማቸው የያዘች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ገልጠው «ፈረስ ወዳጅ ማለት ነው» ሲሉ አነበቡላቸው። እናት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በቅሎ እንኳ በሌለበት ቤት?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም ይሉናል ወዳጃችን። እናታቸው የልጅ ልጄን በፈረስ ስም አልጠራም ብለዋል፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከስሙ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ስለዚህ «ለመሆኑ እንግሊዞቹ ራሳቸው ይህን ትርጉም ያውቁታልን? ምንስ ብናደርግ ይሻላል?» ብለው ጠይቀውናል።

ጥያቄው የእርሳቸው ቤት ብቻ አይደለምና፣ መልሱን ለሁላችሁም እናካፍላለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።)

በእኛ አገር ስም ይናገራል። «ማስረሻ» የተባለ ሰው ሲያጋጥመን፣ ከመወለዱ በፊት በቤቱ ሐዘን እንደ ነበረ እንገምታለን። «በላይነሽ» ስንል አባትየው በልጃቸው ምን ያህል እንደ ኮሩ እንሰማለን። ስሙ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አስተርጓሚ አያሻውም። እንግሊዛዊውን ኤድዋርድን ግን «ስምህ ምን ማለት ነው?» ብንለው ብዙውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «የአያቴ ስም ነው» የሚል ነው። ትርጉሙን ለማወቅ እርሱም እንደ ወዳጃችን መጽሐፍ መግለጥ አለበት። ይህ ለምን ሆነ? ታሪኩ ረዥም ነው፤ ዋና ዋናውን ብቻ እናውጋ።

ከ1066 ዓ.ም. በፊት የእንግሊዞች ስም እንደ እኛው ይናገር ነበር። ስሞቹ ባብዛኛው ከሁለት ቃላት የተጋጠሙ ነበሩ። «ኤድ» ሀብት ወይም መልካም ዕድል ማለት ነበረ፤ «ዋርድ» ጠባቂ፣ «ጋር» ጦር፣ «ዊን» ወዳጅ ማለት ነበረ። እንግዲህ ኤድዋርድ ሀብት ጠባቂ፣ ኤድጋር የሀብት ጦር፣ ኤድዊን የሀብት ወዳጅ ይሆናል። አልፍሬድ የሚለውም በእኛ አነጋገር ቆሌ ልንለው ከምንችለው ከ«ኤልፍ» እና ምክር ከሚለው ቃል የተሠራ ነው፤ ቆሌ የመከረው እንደ ማለት ነው።

ስሙ ይናገር ስለ ነበረ ይቀለድበትም ነበር። ከ978 እስከ 1016 ዓ.ም. የነገሠው ኤተልሬድ የስሙ ትርጉም «ክቡር ምክር» ነው። የዴንማርክ ሰዎች አገሩን እየወረሩ ሲያስጨንቁት መላ ያጣ ንጉሥ ስለ ነበረ፣ «ክቡር ምክር፣ ምክረ ቢሱ» የሚል ቅጽል ወጣለት፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኡንሬድ» ይባላል። ዛሬ እንግሊዞች ይህን ቃል «አንሬዲ» ብለው ይጠሩታል፤ ብዙዎችም «ያልተዘጋጀ» ማለት ይመስላቸዋል። ስሙ መናገር ሲያቆም ቀልዱም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ስሙን ዝም ያሰኘው ምንድን ነው? በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ከፈረንሳይ አገር ባሕር ተሻግሮ መጣና በሄስቲንግስ ጦርነት ንጉሥ ሃሮልድን ድል አድርጎ እንግሊዝን ያዘ። መሬቱ፣ ሹመቱና ፍርዱ ሁሉ በኖርማን መኳንንት እጅ ገባ። አዲሶቹ ጌቶች ዊልያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ፣ ሄንሪ ይባሉ ነበር። እነዚህም ስሞች በጥንት ጊዜ ከጀርመን ነገዶች ቋንቋ የወጡ ናቸው፤ ትርጉምም አላቸው። ዊልያም ፈቃድና የራስ ቁር፣ ሮበርት በዝና ያበራ፣ ሪቻርድ ጽኑ ገዥ፣ ሄንሪ የቤት ገዥ ማለት ነው፤ ሄንሪን አባወራ ብንለውም ከእውነት አንርቅም።

ይሁን እንጂ የእንግሊዙ ገበሬና ነጋዴ ልጁን ሮበርት ሲል ትርጉሙን አስቦ አልነበረም። የጌታው ስም ስለ ሆነ ነው። ስሙ የክብር ሽታ ስላለው፣ ልጁም ከተናቁት ወገን እንዳይቈጠርበት ስለ ፈለገ ነው። ማንም በዐዋጅ አላስገደደውም፤ ሁለት መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ግን ብዙዎቹ የአባቶቹ ስሞች ከአገሩ ጠፉ። አንባቢ ሆይ፤ ይህችን ነገር ልብ ይበሉልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ከጠፉት መካከል ኤድዋርድን ያተረፈው አንድ ንጉሥ ነው። ሄንሪ 3ኛ በቅድስናው የተመሰገነውን የጥንቱን ንጉሥ ኤድዋርድን እጅግ ይወድ ስለ ነበረ፣ በ1239 ዓ.ም. የተወለደለትን የበኵር ልጁን ኤድዋርድ አለው። ያ ልጅ አድጎ ነገሠ፤ ስሙም ከእርሱ ጋር ተመልሶ ዙፋን ላይ ወጣ። ዛሬም ኤድዋርድ የሚባለው ሰው ሀብት ጠባቂ ይሁን ተብሎ አይደለም፤ ኤድዋርድ የሚባሉ ሰዎች ከእርሱ በፊት ስለ ኖሩ ነው።

ሁለተኛው የስም ጎርፍ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። በዚህ ክፍል እኛ ባዕዶች አይደለንም። ጆን የሚሉት ዮሐንስ ነው፤ «እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ» የሚል የዕብራይስጥ ቃል ነው። ማይክል ሚካኤል፣ ስቲቨን እስጢፋኖስ፣ አንድሩ እንድርያስ፣ ሱዛን ሶስና ናት። ፒተር ጴጥሮስ ነው፤ ትርጉሙም ዐለት። ኤሊዛቤትም ኤልሳቤጥ ናት፤ «አምላኬ መሐላዬ ነው» የሚል ትርጉም አለው። በ1965 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኘችውን የእንግሊዝ ንግሥት እኛ ኤልሳቤጥ ስንላት ስሟን መለወጣችን አልነበረም፤ ስሟን በቤታችን አጠራር መጥራታችን ነበር።

እጅግ የሚያስገርመው ጄምስ ነው። ድምፁ ባይመስልም ጄምስ ያዕቆብ ነው። ዕብራይስጡ ወደ ላቲን ሲገባ ያኮቡስ ሆነ፤ ከዚያም በአፍ ልማድ ያኮሙስ ተባለ፤ በፈረንሳይ በኩል ዞሮ እንግሊዝ ሲደርስ ጄምስ ሆነ። እኛ የያዕቆብ መልእክት የምንለው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጄምስ መልእክት ነው። በ1688 ዓ.ም. ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ዙፋኑን ካጣ በኋላ ለእርሱ የታመኑት ሰዎች «ጃኮባይት» መባላቸው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ያዕቆባውያን እንደ ማለት ነው።

ጆርጅም ጊዮርጊስ ነው። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ መሬት ሠሪ፣ ገበሬ ነው። ነገር ግን ልጁ ገበሬ ይሁንልኝ ብሎ ጆርጅ ያለ እንግሊዛዊ ማን አለ? ስሙን ያስወደደው በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶ የሚወጋው ሰማዕት ነው። እንግሊዞች በእነርሱ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን ያከብሩታል፤ እኛም በእኛው አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን እናነግሠዋለን። ቶማስም እንዲሁ ነው፤ ትርጉሙ መንታ ማለት ነው። በ1170 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት በካንተርበሪ ካቴድራል ውስጥ በንጉሡ ባላባቶች ከተገደለ በኋላ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰራጨ። እነዚያ ሁሉ ልጆች ግን መንታ ሆነው አልተወለዱም።

እንግሊዞች የግል ስምን ለብዙ ዘመን «ክርስቲያን ኔም» ሲሉ መኖራቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። የክርስትና ስም ማለት ነው። እኛ የዓለም ስምና የክርስትና ስም ለይተን ስንይዝ፣ እነርሱ አንዱን ብቻ ይዘው ቀሩ።

በዚህ ምክንያት ችግር ተፈጠረ። በአንድ መንደር ውስጥ ስንት ጆን፣ ስንት ዊልያም፣ ስንት ሮበርት ይኖራል? ስለዚህ ማቆላመጫው በዛ። ሪቻርድ ሪክ፣ ዲክ፣ ሂክ ተባለ፤ ሮበርት ሮብ፣ ቦብ፣ ሆብ ተባለ፤ ማርጋሬት ሜግ፣ ፔግ ተባለች። ይህም ሲያቅት የአባት ስም ተጨመረ። ጆንሰን የጆን ልጅ፣ ዊልሰን የዊል ልጅ፣ ሮብሰን የሮብ ልጅ ማለት ነው። ሌላውም በሥራው ተጠራ፤ ስሚዝ ብረት ቀጥቃጭ ነው።

ይህን ጊዜ የእነርሱና የእኛ አሠራር አንድ ሆኖ ነበር። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን የአባት ስም ባለበት ረጋና ከልጅ ወደ ልጅ የሚወርስ የቤተ ሰብ ስም ሆነ። ስለዚህ ዛሬ አባቷ ሄንሪ የሚባል ሴት ጆንሰን ትባላለች፤ ሴት ሆና ሳለች የጆን ወንድ ልጅ ናት! ከእናንተ መካከል ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ በፎርሙ ላይ የአባቱን ስም በቤተ ሰብ ስም ቦታ ይሞላል። ከዚያም መምህሩ አባቱን በስም ሲጠራ እርሱ «አቤት» ይላል። እዚያው ልጅ የወለደ እንደ ሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁ በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ የወላጅ አባቱ ስም ከመካከል ይጠፋል። ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ብታስቡበት መልካም ነው።

እንግሊዞች ስማቸውን እንደ ገና ለማናገር የሞከሩበት ጊዜም ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ፑሪታን የተባሉት ጥብቅ ክርስቲያኖች በሰስክስ አውራጃና በሌላም ስፍራ ልጆቻቸውን «አትፍራ»፣ «አመስጋኝ ሁን»፣ «ስለ ኀጢአት የተጸጸተ» እያሉ በገዛ ቋንቋቸው ይሰይሙ ነበር። ፕሬይዝ ጎድ ቤርቦን የተባለው የለንደን ቆዳ ነጋዴ በ1653 ዓ.ም. በተሰበሰበው ሸንጎ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የግል ስሙ «እግዚአብሔርን አመስግን» ማለት ነው። ጠላቶቹ ሸንጎውን ሁሉ በእርሱ ስም እየጠሩ ተሳለቁበት። ለእኛ ጆሮ ግን ይህ ስም ምን ነውር አለው? ከእነዚያ ስሞች እስከ ዛሬ የቆዩት አጫጭሮቹ ናቸው፤ ግሬስ ጸጋ፣ ፌይዝ እምነት፣ ሆፕ ተስፋ።

ሌሎች ስሞች ደግሞ ከደራሲ ብዕር የተወለዱ ናቸው። ፓሜላ የሚለውን ስም ፊሊፕ ሲድኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለመጽሐፉ ፈጠረው፤ ቫኔሳን ጆናታን ስዊፍት ከአንዲት ወዳጁ ስም ቈራርጦ ሠራው። የሸርሊ ታሪክ ደግሞ ያስቃል። ሸርሊ በመጀመሪያ የቦታ ስም ነበር፤ በጫካ መካከል ያለ ብሩህ ገላጣ ስፍራ ማለት ነው። ከዚያ የቤተ ሰብ ስም፣ ቀጥሎም የወንድ ስም ሆነ። በ1849 ዓ.ም. ሻርሎት ብሮንቴ በልብ ወለድ መጽሐፏ ውስጥ ወንድ ልጅ ሲመኙ ሴት የተወለደችላቸው ወላጆች ለልጃቸው ይህን የወንድ ስም እንዲሰጧት አደረገች። ሸርሊ ከዚያ ወዲህ እየተለወጠ የሴቶች ስም ሆኖ ቀረ። አንድ መጽሐፍ የስምን ጾታ ለወጠ ማለት ነው።

ከእኛው ምድር የወጣችም አንዲት ምስክር አለች። በኅዳር ወር 1974 ዓ.ም. በአፋር በሐዳር ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺሕ ዓመት ያህል የሆነው አፅም ሲገኝ፣ ተመራማሪዎቹ በሰፈራቸው በቴፕ ይሰሙት ከነበረው ከቢትልስ ዘፈን ወስደው «ሉሲ» አሏት። ሉሲ ብርሃን ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ስም ነው፤ ስሙን ያወጡላት ግን ብርሃንን አስበው ሳይሆን ዘፈኑ በጆሮአቸው ስለ ነበረ ነው። እኛ «ድንቅነሽ» አልናት። የሁለቱ ሕዝብ የስም ልማድ ከዚህ ይበልጥ በምን ይገለጣል? አንደኛው የሰማውን ስም ሰጣት፤ ሁለተኛው ያየውን ነገራት።

ዛሬስ? በእንግሊዝ አገር ካህናት በየደብራቸው ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግቡ የታዘዘው በ1538 ዓ.ም. ነው፤ መንግሥት ራሱ ልደትን መመዝገብ የጀመረው ከሐምሌ 1 ቀን 1837 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በዚሁ መዝገብ መሠረት በ2023 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዌልስ ለተወለዱ ወንዶች ከሁሉ ይበልጥ የተሰጠው ስም ሙሐመድ ነው፤ ትርጉሙም የተመሰገነ ማለት ነው። ሁለተኛው ኖኅ ነው። ዊልያም በራስ ቁሩ የገባባት አገር ዛሬም በሯ ለእንግዳ ስም አልተዘጋም።

እንግዲህ ወደ ወዳጃችን ጥያቄ እንመለስ። እንግሊዞች የስማቸውን ትርጉም ያውቃሉን? ባብዛኛው አያውቁም፤ ስም ሲያወጡም በእርሱ አይመሩም። እኛ «ምን ማለት ነው?» ስንል፣ እነርሱ «የማን ስም ነበር?» ይላሉ። ስለዚህ የእንግሊዝን ስም ሊያወጣ የሚያስብ ሰው ሦስት ነገር ቢመለከት እንመክራለን።

አንደኛ፤ መጽሐፏን ብቻ አይመኑ። ስለ ብዙ ስሞች ሊቃውንት ገና አልተስማሙም። ሜሪ የሚለውን፣ ማለት ማርያም የሚለውን፣ አንዱ መራራ፣ ሌላው የተወደደች ብሎ ይተረጕመዋል፤ ትንንሾቹ መጻሕፍት ግን አንዱን ብቻ ይዘው እንደ ተቈረጠ ነገር ያቀርቡታል።

ሁለተኛ፤ ስሙ ከቤትዎ ውስጥ መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ይፈልጉ። ጆን ብሎ ለመጥራት ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ዮሐንስ በየደብሩ አለ።

ሦስተኛ፤ ለምን እንደ ፈለጉት ራስዎን በእውነት ይጠይቁ። ስሙን ስለ ወደዱት ነው? ወይስ የገዛ ስማችን ያሳንሰው ይሆናል ብለው ፈርተው? የእንግሊዝ ገበሬ ከ1066 ዓ.ም. በኋላ የአባቶቹን ስም የተወው በሁለተኛው ምክንያት ነበር። ልጁ ሮበርት ተባለ፤ ጌታ ግን አልሆነም።

አሁን ስለ ፊሊፕ እንናገር። ወዳጃችን ሆይ፤ መጽሐፍዎ አልዋሸም፤ ቃሉ የግሪክ ነው፤ ፈረስ ወዳጅ ማለትም ነው። ነገር ግን ለእናትዎ የሚሰጠው መልስ ይህ አልነበረም። ፊሊፕ ማለት ፊልጶስ ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ገልጠው ያንብቡላቸው። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ የሆነው ኢትዮጵያዊ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ቀርቦ የተረጐመለትና ያጠመቀው ፊልጶስ ነው። እናትዎ ይህን ስም ከእርስዎ ቀድመው ያውቁታል። ፈረሱንም ካነሡብዎ ሠረገላ ያለ ፈረስ እንደማይሄድ ያስታውሷቸው።

ባለቤትዎ ፊሊፕ ትበለው፤ አያቱ ፊልጶስ ይበሉት፤ ልጁ ለሁለቱም «አቤት» ይላል። አንድ ነገር ግን ቀረ። ሴት ብትወለድ ምን እንደምትባል በደብዳቤዎ አልጠቀሱልንም። ይህኛውን ለእናትዎ ቢተዉላቸው መልካም ነው እንላለን፤ እርሳቸው የሚያወጡላት ስም ትርጉሙ መጽሐፍ ሳይገለጥ የሚሰማ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይበለን።